ሮኪ ስንት ደረሰ?

ፊልም የሚጠብቅ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ያላየውን ለማየት ይጠብቃል፤ ይህ ጤነኛ ነውና እንተወው። ሁለተኛው ግን ያየውን፣ ያውም ደጋግሞ ያየውን፣ እንደገና ሊያይ ይጠብቃል። እንዲያውም አዲስ ነገር እንዳይመጣበት ይሰጋል። የምጽፈው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። ስጽፍ ሳቄ ይመጣል፤ ግን ብዙም አልስቅበትም፤ ካሳደጉኝ ሰዎች አንዱ እሱ ነውና።

ለምሳሌ የምወስደው ሮኪን ነው። «ሌላ ተከታታይ ፊልም ጠፋ ወይ?» የሚለኝ አይታጣም። ሞልቷል። በጠፈር ላይ የሚዋጉ አሉ፤ በመኪና የሚበሩ አሉ፤ ጄምስ ቦንድም አለ። ነገር ግን ጄምስ ቦንድ ሲያረጅ ሰውየውን ያሰናብቱና ልብሱን ለሌላ ያለብሱታል። ሮኪን ግን አንድ ሰው ብቻ፣ ሲልቬስተር ስታሎን፣ ከ1976 እስከ 2018 ድረስ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በገዛ ፊቱ ተሸክሞታል። አርባ ሁለት ዓመት! ፀጉሩ፣ አንገቱ፣ የጉንጩ አወዳደቅ፣ ሁሉም በፊልም ላይ ተመዝግቧል። ስለዚህ የሮኪ ወዳጅ «ቀጣዩ መቼ ነው?» ሲል «ሰውየው ደኅና ነው ወይ?» ማለቱም ነው።

አጀማመሩን ባጭሩ ላውሳ። ማርች 24 ቀን 1975 ቸክ ዌፕነር የሚባል ብዙም ያልተወራለት ቦክሰኛ ኦሃዮ ውስጥ ከመሐመድ ዓሊ ጋር ገጠመ። ቶሎ ይወድቃል የተባለው ሰው እስከ 15ኛው ዙር ድረስ በእግሩ ቆመ፤ የተሸነፈው ዙሩ ሊያልቅ ሰኮንዶች ሲቀሩት ነው። ስታሎን ያን ጊዜ ሥራ የጠማው ተዋናይ ነበር። ይህንን አይቶ ድርሰቱን በሦስት ቀን ተኩል ጻፍሁት ይላል። ፊልም ሠሪዎቹ ጽሑፉን ወደዱት፤ ጸሐፊውን ግን ለመሪነት ቦታ አልፈለጉትም። እሱም እኔ ካልተጫወትሁበት አልሸጥም ብሎ ድርቅ አለ። በ28 ቀን ተቀርጾ አለቀ፤ ወጪው ከ1 ሚሊዮን ዶላር ብዙም ፈቀቅ አላለም፤ በ1977 የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወሰደ። ይህን ሁሉም ያወራዋል። እኔን የሚያስገርመኝ ሌላ ነው፤ ሮኪ በዚያ ፊልም ውስጥ ይሸነፋል። የተመኘው ማሸነፍን አልነበረም፤ አሥራ አምስቱን ዙር ቆሞ መጨረስን ነበር።

ጋሼ ይህንን አያውቅም ነበር።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ሮኪን ያየው ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ በ1990ዎቹ፣ ሰፈራችን ውስጥ በነበረች ቪዲዮ ቤት ነው። ቆርቆሮ ቤት፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈ ሰሌዳ፤ መግቢያው ሃምሳ ሳንቲም። ካሴቱ የመጣው በቅደም ተከተል አልነበረም። መጀመሪያ አራተኛው መጣ፤ ከዚያ ሦስተኛው፤ አንደኛው በመጨረሻ። ስለዚህ ለነጋሼ አፖሎ ክሪድ የሚባለው ጥቁር ሻምፒዮን መጀመሪያ ሞተ፣ ቀጥሎ የሮኪ አሰልጣኝ ሆነ፣ በመጨረሻ ጠላቱ ሆነ። ይህም ማንንም አላስቸገረም። ልጅ እንኳን ፊልምን ዓለምንም የሚያያት እንዲሁ ከመሃል ጀምሮ ነው።

እንግሊዝኛውን የሚሰማ አልነበረም። በአንደኛው ፊልም መጨረሻ ላይ ሮኪ ፊቱ አብጦ፣ ዓይኑ ተደፍኖ፣ «ኤድርየን! ኤድርየን!» እያለ ይጮኻል። ልጅቱ ሕዝቡን ሰንጥቃ ትመጣለች፤ ሙዚቃው ይጋጋላል፤ ይተቃቀፋሉ። የዳኞቹ ውሳኔ የሚነበበው በዚያ ጫጫታ መሃል ነው። ቪዲዮ ቤቱ በሙሉ አክተሩ አሸነፈ ብሎ አጨበጨበ። አክተር ይሸነፋል እንዴ? የሚሸነፈው ሌባው ነው! ጋሼ ነገሩን ያወቀው ከዓመታት በኋላ፣ እንግሊዝኛው ትንሽ ሲበስል ነው። ያን ዕለት ከጓደኛው ጋር ሲጨቃጨቁ አምሽተው በማግስቱ ካሴቱን ተከራይተው እንደገና አዩት። በነጥብ ተሸንፏል፤ ምንም አይካድም። «በቃ፣ ያን ጊዜ ነው የወደድኩት» ይላል ጋሼ። «እስከዚያ ድረስ ከራምቦ ለይቼ አላየውም ነበር።»

የጋሼ ጓደኛ ኋላ ዱባይ ገባና ሾፌር ሆነ። ጋሼ እዚሁ ቀረ። መጀመሪያ ላይ ይደዋወሉ ነበር፤ ከዚያ ስልኩ እየሳሳ ሄደ። ጠብ አልነበረም፤ የሚያወሩት ነገር አለቀ እንጂ። አንዱ ስለ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲያወራ ሌላው ስለ ኢቃማው ያወራል፤ ሁለቱም እሺ፣ እሺ ይባባላሉ። በመጨረሻ ከለቅሶና ከሮኪ በቀር የማይደዋወሉ ሆኑ። ቀልድ አይደለም። ሰው ሲሞት ይደዋወላሉ፤ አዲስ ሮኪ ሊመጣ ነው ሲባል ይደዋወላሉ።

የመጀመሪያው እውነተኛ ጥበቃቸው የ2006ቱ ነበር። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ተቆልሎ ነው የደረሳቸው። አምስተኛው፣ የ1990ው፣ ስታሎን ራሱ እንዳልወደደው በአደባባይ የተናገረው ፊልም ነው፤ ነገሩ በዚያው ያበቃ መስሎ ነበር። ከዚያ አሥራ ስድስት ዓመት ዝም። ድንገት ደግሞ ሮኪ ሊመለስ ነው ተባለ። ስታሎን 60 ዓመቱ ነው! አሜሪካ ውስጥ ያልቀለደበት የለም። ወዳጆቹም ቢሆኑ የጠበቁት በደስታ ብቻ አልነበረም፤ እንደ ቤተ ዘመድ ሠርግ ነበር፤ አጎታችን ሰክሮ ያዋርደን ይሆን እያሉ። የጥበቃ ትልቁ ክፍል ይኸው ፍርሃት ይመስለኛል። አዲሱ መጥፎ ቢሆን በራሱ ቀርቶ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ አሮጌውን ያቆሽሻል።

አላቆሸሸውም። ሚስቱ ኤድርየን ሞታለች። ሮኪ መቃብሯ ዘንድ ይመጣል፤ ከአጠገቡ ዛፍ ላይ አንዲት ታጣፊ ወንበር ሰክቶ አስቀምጧል፤ ያወርዳትና ይቀመጣል፤ ሲጨርስ እዚያው ይመልሳታል። ይህች ወንበር ብዙ ትናገራለች፤ ሰውየው በየጊዜው እንደሚመጣ ማንም ሳይነግረን ገባን። በመጨረሻም ይገጥማል፤ ይሸነፋልም፤ እንደ አንደኛው። ፊልሙ አልቆ ስም ዝርዝሩ ሲወርድ ደግሞ ተራ ሰዎች፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ወፍራሙ፣ በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ፊት ያሉትን 72 ደረጃዎች እየሮጡ ሲወጡና ከላይ ሆነው እጃቸውን ሲያነሡ ያሳያል። ጋሼ ይህንን አይቶ ዱባይ ደወለ። «እኛን አስገብተውናል» አለው።

(ስለ ደረጃው ካነሣሁ አይቀር፤ ለሦስተኛው ፊልም ተብሎ የተሠራ የሮኪ የነሐስ ሐውልት አለ። የከተማው ሰዎች ይህ ጥበብ ነው ወይስ የፊልም ዕቃ እያሉ ሲከራከሩ ሐውልቱ ከሙዚየሙ ተነሥቶ ወደ ስፖርት አዳራሽ ተወሰደ፤ በ2006 ከደረጃው ግርጌ ተተከለ። ሙዚየሙን ለማየት የመጣ ሰው ስንት፣ ደረጃውን ሮጦ ወጥቶ በሩን ሳያንኳኳ የተመለሰ ስንት እንደሆነ ባውቅ ደስ ባለኝ።)

ከዚያ የ2015ቱ ክሪድ መጣ። ይህ ለእኔ የሁሉም ቁንጮ ነው፤ ጋሼ ግን አይስማማም። ዲሬክተሩ ራያን ኩግለር የኦክላንድ ልጅ ነው፤ የተወለደው በ1986፣ ማለት ከአራተኛው ፊልም በኋላ ነው። ስለዚህ የሮኪ ናፍቆት የራሱ ሊሆን አይችልም፤ የአባቱ ነው። በቃለ ምልልሶቹ እንደተናገረው አባቱ የሮኪ ፍቅር የነበረበት ሰው ነው፤ ልጁን ለጨዋታ ከመውሰዱ በፊት ሁለተኛውን ፊልም ያሳየውና ያለቅስ ነበር። ይህም አባት ቀደም ሲል ከታመመች እናቱ ጋር እየተቀመጠ ሮኪን ያይ ነበር። ኋላ እሱ ራሱ ጡንቻን በሚያደክም ሕመም ተያዘ። ልጅየው አባቱ ሲደክም ሲያይ፣ የአባቴ ጀግና እንዲህ ቢደክምስ፣ የሚል ታሪክ አሰበና ስታሎን ዘንድ ሄደ። ስታሎን መጀመሪያ እሺ አላለም። አይፈረድበትም፤ በአንደኛው ፊልም ያልሞተን ሰው በሰባተኛው አምጥተህ ካንሰር ላሲዘው ቢሉህ ምን ትላለህ?

በመጨረሻ ተስማማ። ፊልሙ ሲያልቅ ሮኪ ያንኑ ደረጃ ይወጣል፤ ግን በሩጫ አይደለም። የአፖሎ ልጅ ደግፎት፣ አንድ ሁለት ብሎ፣ እያረፈ ነው። እኔ ሮኪን ከጋሼ ጋር ያየሁት ይህንን ነው። ፊልሙን ሳይሆን ጋሼን ነበር የማየው፤ አፉን በጋቢው ሸፍኖ ነበር። እንደ ኩግለር ሁሉ የእኔም ናፍቆት የውርስ ነው። ቪዲዮ ቤቷን አላውቃትም፤ አሁን ፎቅ ነው። ግን በጠመኔ የተጻፈው ሰሌዳ ያየሁት ያህል ይታየኛል።

እስቲ ስለ ፎጣው ላንሣ። በ1985ቱ ፊልም አፖሎ በሶቭየቱ ቦክሰኛ በድራጎ ሲቀጠቀጥ ሮኪ ከሪንጉ ጥግ ፎጣ ይዞ ቆሟል። መወርወር ማለት በቃን ማለት ነው። አፖሎ አትወርውር ብሎታል። ሮኪ አመነታ፤ አልወረወረም፤ አፖሎ ሞተ። በ2018 በሁለተኛው ክሪድ ያው ድራጎ፣ ያው ተዋናይ ዶልፍ ሉንድግሬን፣ አርጅቶና ከስቶ፣ ልጁን ቦክሰኛ አድርጎ መጣ። ልጁ ከአፖሎ ልጅ ጋር ገጥሞ ሲቀጠቀጥ፣ ድራጎ፣ ያ ድንጋይ፣ ፎጣውን ወረወረ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይቶ! ያንን ፎጣ የጠበቀ ሰው አልነበረም፤ ሲወረወር ግን ስንጠብቀው የኖርነው እሱ እንደሆነ ታወቀን። ቀጣይ ክፍል የሚባል ነገር መሠራት ካለበት ለዚህ ነው። የቀረ ዕዳ ካለ ይከፈል። ዕዳ ከሌለ ግን ሙዚቃውን ብቻ ደግሞ ማሰማት ገበያ ነው። ጋሼ በዚያ ሌሊት ስልኩን ይዞ በረንዳ ላይ ወጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ፎጣው ብቻ ሳይሆን ስለ ልጆቻቸውም ሲያወሩ ሰማሁ፤ የዱባዩ ሰው ልጅ ትምህርት አልሆንልህ ብሎት ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ተበላሸ። ስታሎን የሮኪ ባለቤትነት ድርሻ እንደሌለው እያማረረ ተናግሯል፤ የፈጠረውን ሰው ሌሎች ናቸው የሚያዙበት። በ2022 ስለ ድራጎ ብቻውን ፊልም ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ በአደባባይ ተቆጣ። በ2021 ደግሞ እሱ ራሱ አራተኛውን ፊልም እንደገና ቆርጦ ቀጥሎ ሲያወጣው የፖሊን ሮቦት ጨርሶ አስወጣው። ተቺዎች አበጀህ አሉት። ጋሼ ግን ይህንን ሲሰማ አኮረፈ። «ሮቦቱ ምን አደረገው? እኛ ሮቦቱን ወደነው ነበር።» ከዚህ ላይ በጋሼ አልፈርድም። ፊልሙ የማን ነው ብባል፣ ገንዘቡ የአምራቹ፣ ሐሳቡ የስታሎን እላለሁ፤ ሮቦቱ ግን ሃምሳ ሳንቲም የከፈሉት ልጆች ነው።

በ2023 ሦስተኛው ክሪድ ያለ ስታሎን ወጣ። ማይክል ቢ. ጆርደን ተጫውቶም ዲሬክት አድርጎም ነው የሠራው። እኔ አይቼዋለሁ፤ ደህና ፊልም ነው፤ ሁለት የልጅነት ጓደኛሞች አንዱ እስር ቤት ከርሞ ሲገናኙ የሚሆነውን ያሳያል፤ ሮኪንም አይፈልግም። «ጋሼ፣ እንየው» አልሁት። «እሱ ከሌለ ምን ላይ ነው?» አለኝ። ከዱባይም የደወለ የለም። ወሩ አለፈ፤ ዓመቱም ሊያልፍ ሆነ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ፖሊን የተጫወተው በርት ያንግ ሞተ፤ ያኔም አልደወለም፤ እንዳልሰማ እንቁጠረው።

በፌብሩዋሪ 2024 አንድ ሌሊት የጋሼ ስልክ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚደወል ስልክ መርዶ ነውና እናቴም ተነሥታ መብራት አበራች። ድምፁን ከፍ አድርጎት ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

«አፖሎ ሞተ» አለ የዱባዩ ሰው።

«አራተኛው ላይ ነዋ» አለ ጋሼ፣ ገና እንቅልፉ ሳይለቀው።

«አይ አንተ! ካርል ዌዘርስ፤ የእውነቱን ነው የምልህ።»

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እናቴ ማን ነው የሞተው ብትለኝ ምን ብዬ እንደምነግራት ጨነቀኝ። «የጋሼ ጓደኛ ነው» አልኋት። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች፤ እሱም ስልኩን ሳይዘጋ፣ «ልጁስ እንዴት ሆነልህ? ትምህርቱን ቀጠለ?» ይለው ነበር።