ሽማግሌ ያልገባበት

ወር በገባ በ12ኛው ቀን የካ ሚካኤል የሳመ ሰው አንድ ባለካፖርት አዛውንት ሳያይ አይመለስም። የሰፈሬ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በአንድ እጃቸው ጧፍ፣ በሌላው ውሃ የተሞላ ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ይይዛሉ። ቅዳሴው ሲያልቅ ወደ መቃብሩ ይዘልቁና የባለቤታቸውን ድንጋይ ያጥባሉ። መጀመሪያ የሚወለውሉት ፎቶዋን ነው። «አቧራ አትወድም ነበር» ይላሉ፣ ሳይጠየቁ። ከዚህ በላይ ስለ ሐዘናቸው አንድ ቃል ሲወጣቸው አልሰማሁም።

የአገራችን ወንድ ሚስቱን ሲቀብር የሚሰማውን ከአፉ መጠበቅ ከንቱ ነው። ነጠላውን ዘቅዝቆ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፣ ጢሙን ያሳድጋል፣ እድርተኛው ከጎኑ ካርታ ሲጫወት እሱ ድንኳኑን የወጠረውን እንጨት ያያል። ሙሾው የሴቶች ነው። እሱ የሚናገረው በተዝካሩ ነው፤ በአርባው፣ በሙት ዓመቱ፣ ባስቀረጸው ድንጋይ። የካ ሚካኤል ግቢ ዞር ዞር ብዬ ጽሑፎቹን ሳነብ ዕለተ ልደት፣ ዕለተ ዕረፍት፣ ከዚያ «ባለቤቷ እና ልጆቿ አሠሩላት» ከሚል በቀር ብዙ አላገኝም። «አሠሩላት» የሚለው ቃል ግን ሲጠና ቀላል አይደለም።

ድንጋይ ለሚስት ሲነሣ የዓለም ሁሉ ምሳሌ ታጅ ማሃል ነው። የሕንዱ ንጉሥ ሻህ ጃሃን ሚስቱ ሙምታዝ ማሃል በወሊድ የሞተችበት በ1631 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ሕንጻውን አሠራላት፤ በመጨረሻ የገዛ ልጁ ከዙፋኑ አውርዶ አግራ ምሽግ ውስጥ ዘጋበት። ከምሽጉ ሆኖ መቃብሯን ከሩቅ እያየ ኖሮ ሲሞት ከጎኗ ተቀበረ። ይህን ሁሉ ሰው ያውቀዋል። እኔን የሚገርመኝ ከአራት ኪሎ ዝቅ ብሎ፣ መንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ውስጥ፣ የዚህ ታሪክ ወንድም ተኝቶ ሳለ ሰዉ ፎቶ አንሥቶ ማለፉ ነው።

እቴጌ መነን አስፋው የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. አረፉ። ከያኔው ደጃዝማች ተፈሪ፣ ከኋለኛው ጃንሆይ ጋር የተጋቡት በ1903 ነበር፤ ግማሽ ምዕተ ዓመት መሆኑ ነው። መቼም ቀላል ሃምሳ ዓመት አልነበረም፤ ስደቱ አለ፣ የልጆች ሞት አለ። ዘነበ ወርቅን፣ ፀሐይን፣ መኰንንን ቀብረዋል። እቴጌይቱ ሲያርፉ ሥላሴ ምድር ቤት፣ ከልጆቻቸው ጎን ተቀበሩ። በቀብሩ ዕለት ስለ እሳቸው የተናገሩት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ፤ ደግነታቸውን፣ መንፈሳዊነታቸውን፣ ለባላቸው አማካሪ መሆናቸውን አነሡ።

በሣልስቱ ግን ጃንሆይ ራሳቸው ተናገሩ። አክሊሉ የሟቿን ማንነት በሚገባ ገልጸውታል፣ እኔ ደግሞ ለእኔ ምን እንደነበረች ልበል ዓይነት ነበር ነገሩ። ከዚያ ቀጥለው ያሉት፣ በሃምሳ ዓመት ትዳራችን ውስጥ አንድም ቀን በመካከላችን ገብቶ የሚያስታርቅ ሦስተኛ ሰው አላስፈለገንም የሚል ነው።

እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ፈረንጅ ቢሆን ዓይኗን፣ ሳቋን፣ የመጀመሪያውን ቀን ያነሣ ነበር። የኛው ንጉሥ «ሽማግሌ አላስቸገርንም» አሉ። ይህን የሚሰማ ሐበሻ ከመቀመጫው ተነሥቶ የሚቆምለት ነገር ነው። ሽማግሌ ማለት ከነጭ ጋቢ በስተጀርባ ስንት የተሸፈነ ጉድ እንደሆነ፣ «ኧረ በሚካኤል፣ ኧረ በልጆቹ» እየተባለ ስንት ትዳር ምሰሶው እንደተደገፈ የምናውቅ እኛ ነን። ፍቅርን ባልተደረገ ነገር መመስከር የኛ ጥበብ ይመስለኛል። ቤተ መንግሥት ያለ ባልና ሚስት እውነት አንድም ቀን አልተጋጨም ወይ የሚል ጠያቂ አይጠፋም። ተጋጭቶ ይሆናል፤ ንጉሡ ያሉት ሌላ ሰው አልሰማብንም ነው፣ እሱም ከባድ ነው።

ከዚያ በኋላ ጃንሆይ ሌላ ሚስት አላገቡም። በካቴድራሉ ሰሜን ክንፍ ሁለት የድንጋይ የመቃብር ሣጥኖች ጎን ለጎን አሠሩ፤ አንዱ እቴጌይቱ ከምድር ቤት ወጥተው የሚዛወሩበት፣ ሌላው የራሳቸው። ሁለቱም ባዶ ቀሩ። በ1967 ዓ.ም. አብዮቱ ንጉሡን አወረደ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ሞቱ፣ አጽማቸውም ቤተ መንግሥት ውስጥ ከወለል ሥር ተገኝቶ የወጣው በ1984 ነው። ታዲያ ወዲያው ሥላሴ አልሄደም፤ ለስምንት ዓመት ያህል በዓታ ለማርያም፣ አፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ የተኙበት ቤት ውስጥ ቆየ። የሌላ ባልና ሚስት ቤት ውስጥ በእንግድነት! ሚስታቸው ደግሞ በእግር ጥቂት መንገድ ርቀት ላይ ምድር ቤት ነበሩ። ጥቅምት 26 ቀን 1993 ንጉሡ ወደ ሥላሴ ተወሰዱ፣ እቴጌይቱም ከምድር ቤቱ ወጡ፣ ባዶዎቹ ሣጥኖች ሞሉ። እቴጌይቱ ካረፉ ከ38 ዓመት ከስምንት ወር በኋላ።

በዓታን ካነሣሁ አይቀር የእንጦጦዋን ሳልጠቅስ አልወርድም። ያ ተራራ፣ ሰዎች ዛሬ ለሩጫና ለማኪያቶ የሚወጡበት፣ በባሕር ዛፉ መካከል እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎብጠው የሚወርዱበት፣ የአንዲት መበለት መኖሪያ ነበር። ጣይቱ ከምኒልክ ጋር በ1875 በቁርባን የተጋቡ ናቸው፤ ቁርባን ደግሞ መፍታት የለበትም። እንጦጦ ማርያም ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዘውድ የጫኑበት ደብር ነው፤ በሁለተኛው ቀን እሳቸውም እዚያው እቴጌ ተብለው ዘውድ ደፉ። ባላቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ሲያርፉ ወደዚያው ደብር ተላኩ። ከ24 ዓመት በፊት በዘውድ የወጡበትን ዳገት በሐዘን ወጡት። የካቲት 4 ቀን 1910 እስኪያርፉ እዚያው ነበሩ፤ ከታች ራሳቸው ስም ያወጡላት ከተማ ትታያለች። ከአግራው ምሽግ የእንጦጦው ይከፋል እላለሁ፤ ሻህ ጃሃን ቢያንስ የሚያየው መቃብር ራሱ ያሠራው ነበር። ጣይቱ በመጨረሻ በዓታ፣ ከምኒልክ ጎን ናቸው።

ቴዎድሮስም አሉ። ባለቤታቸው ተዋበች በ1850 ሲሞቱ የንጉሡ ጠባይ ከዚያ ወዲያ ተለወጠ የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙ ናቸው። አገር ሁሉ በአንድ ሐዘን ተበላሸ ማለት ለኔ የተጋነነ ነው፤ ቢሆንም ሐዘኑን ማንም አልካደውም።

ይህን ሁሉ ባለፈው በ12 ቀን ለጋሼ አወራሁላቸው። ጀሪካኑን ገልብጠው ተቀመጡበትና አዳመጡኝ። የጃንሆይ ነገር ላይ ስደርስ ሣቁ።

«ሽማግሌ ያላስቸገርንበት ዓመት እኛ የለንም» አሉ። «በፆም ሁሉ እንጣላለን፣ ለፋሲካ ያስታርቁናል። አንዱ ሽማግሌ እንዲያውም ዶሮውን ሳይበላ አይሄድም ነበር።»

ከዚያ ጨርቁን ጨምቀው ወደ ድንጋዩ ዞሩ። ገና ያኔ ነው ያስተዋልኩት፣ የሐውልቱ ታችኛው ግማሽ ለስልሶ ባዶ ነው። ጠራቢው ቅርጹን ሲጨርስ «ይሄስ?» ብሎ ጠይቋቸው ነበር።

«ለልጆቹ ነግሬያለሁ» አሉኝ፣ ባዶውን ቦታ እያጠቡ። «ስሜ ከስሟ ዝቅ ብሎ ይጻፍ። በላይ ከሆነማ ትጣላኛለች፣ እዚያ ደግሞ ሽማግሌ ከየት ይመጣል?»