ሳይክል ገዛችሁ? እንጦጦን አማክሩ!

ባለ ማርሽ አዲስ ማውንቴን ባይክ የገዛችሁ ወጣቶች፣ እንኳን ደስ አላችሁ! የዛሬው ጨዋታ የእናንተ ነው። ሳይክሉ ገና ከነላስቲኩ ሳለ መካሪው እንደ አሸን ይፈላል። አንዱ "መቀመጫውን ቀይረው" ይላል፤ ሌላው "ጎማው ላይ የሚሽከረከር ባለ ቀለም መብራት ካላደረግክበት ምኑን ሳይክል ሆነ?" ይላል። ሻጩ በበኩሉ ያለውን ዕቃ ሁሉ ባንኮኒው ላይ እየደረደረ "ይሄም ያስፈልግሃል፣ ያም ያስፈልግሃል" ሲል ኪስ መሳሳት ይጀምራል።

እኔ ግን የማይዋሽ አማካሪ አለኝ፤ ኮሚሽንም አይጠይቅም። ከፒያሳ ተነስቶ በአራት ኪሎ፣ በስድስት ኪሎና በሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦ ማርያም የሚያደርሰው መንገድ ነው። ብዙ እሁዶች ወጥቼ ወርጄበታለሁ። ምን መግዛት እንዳለባችሁ፣ ምኑን ደግሞ ለሻጩ ትታችሁ መውጣት እንዳለባችሁ ቁልጭ አድርጎ ይነግራችኋል። እስቲ አብረን እንውጣው።

ፒያሳ፦ ገንዘብ የማይጠይቀው ማሻሻያ

ገና ሳንነሳ መቀመጫውን እናስተካክል። ሳይክሉ ላይ ተቀመጡና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ልኩን አግኝታችኋል። በፊተኛው የእግራችሁ ክፍል ስትረግጡ ጉልበታችሁ መጠነኛ እጥፋት ይቀረዋል፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። መቀመጫው ዝቅ ካለ ግን ዳገቱ ሳይጀምር ጉልበት ያልቃል። "እንጦጦ ከበደኝ" የሚለኝን ሰው መጀመሪያ የማይለት መቀመጫውን ነው። ይህን ሳያስተካክል አዲስ መቀመጫ የሚገዛ ሰው፣ ጫማው ጠበበኝ ብሎ ካልሲ እንደሚቀይር ነው።

አራት ኪሎ፦ ልታይ ልታይ በሉ!

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ የሳይክል መስመር ተሰርቷል። ደስ ይላል! ነገር ግን መስመሩ ሁሉም ጋ አይከተላችሁም። ከመስመሩ ስትወጡ ጎረቤታችሁ ሚኒባስ ነው። ረዳቱ "አራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎ!" እያለ ሲጣራ ሾፌሩ የሚያየው ተሳፋሪውን እንጂ እናንተን አይደለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ለመታየት ነው። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት ግዙ። አዲስ አበባ ላይ ክረምት ከበጋ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጨልማል፤ ከሥራ መልስ ሳይክል የሚነዳ ሰው ሁልጊዜ ጨለማ ያገኘዋል። የጎማው ባለ ቀለም መብራት ከጎን ያሳምራል እንጂ ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር ምንም አይነግረውም። የመንገድ ሠራተኞች የሚለብሱት የሚያንጸባርቅ ሰደርያም ርካሽ ነው። "ሰው ምን ይለኛል?" አትበሉ፤ ምንም ይበል፣ ብቻ ይያችሁ።

ሄልሜት ደግሞ ለክርክር አይቀርብም። ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ራቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ማሰሪያው ካልታሰረም በባዶ ራስ እንደመሄድ ነው። ወደ ኋላ ጋለል አድርጋችሁ ግንባራችሁን ለፎቶ ካሳያችሁ፣ ስትወድቁም ቀድሞ የሚያርፈው ያው ግንባር ነው።

ሽሮ ሜዳ፦ ዳገቱ ሒሳብ ይጠይቃል

የአሜሪካን ኤምባሲን አልፋችሁ ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ግራና ቀኙ የሐበሻ ቀሚስና ጥበብ ነው። ገበያተኛው አስፋልቱ ላይ ይወርዳል። ከላይ ደግሞ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ይመጣሉ፤ ሸክሙ ከነሱ ይሰፋል፣ ቀና ብለው ማየትም አይችሉም። እዚህ ጋ ነው ያቺ ትንሿ ደወል ከትልቁ ድምጽ ማጉያ የምትበልጠው። ቅልጭ ብላ ታሳውቃለች እንጂ ሰው አታስደነግጥም።

ከዚህ በኋላ ዳገት ነው። ከተማው ከባህር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን የእንጦጦ ተራራ እስከ 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል። አየሩ ይሳሳል፤ ሳይክሉ ላይ ያንጠለጠላችሁት እያንዳንዱ ጌጥ ይመዝናል። እዚህ ጋ የሚረዳችሁ ሁለት ነገር ነው፤ ዝቅተኛው ማርሽ በትክክል መግባቱና የውሃ መያዣ። ማርሹ እየዘለለ ከሆነ አዲስ ማርሽ ለመግዛት አትሩጡ፤ መጀመሪያ የማርሹን ሽቦ አስወጥሩ፤ ሰንሰለቱንም አስጸድታችሁ ዘይት አስቀቡት። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ እሱ ነው።

ጎማን በተመለከተ፣ ውሏችሁ አስፋልት ላይ ከሆነ ያ ጥርሱ የገጠጠ ወፍራም ጎማ ጉልበታችሁን ይበላል። መሐሉ ለስለስ ያለ፣ ጠርዙ ጥርስ ያለው ጎማ ብትቀይሩ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃችኋል። ጫካ ለጫካ ከሆነ ውሏችሁ ግን ያለውን አትንኩት።

እንጦጦ፦ ከአናት ላይ ትንሽ ታሪክ

ደረስን። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት እዚሁ እንጦጦ ማርያም ነው። ትንፋሽ እስክንሰበስብ አንድ ወሬ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ታማልፓይስ በሚባል ተራራ አካባቢ ያሉ ወጣቶች በአሮጌና ከባድ ሳይክሎች የኮረኮንች ቁልቁለት ይወርዱ ነበር። ፍሬናቸው ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚይዝ ዓይነት ነው። ቁልቁለቱ ፍሬኑን እያጋለው በውስጡ ያለው ግራሶ ይጨስ ነበር። ታች ሲደርሱ ፈትተው አዲስ ግራሶ ይሞሉታል። ለዚህም አንዱን መንገድ "ሪፓክ" አሉት፤ "እንደገና ሙላ" እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ውድድር ጀመሩበት። በኋላ የሞተር ሳይክል የፍሬን እጀታና ማርሽ እየገጠሙ፣ አካሉንም ራሳቸው እየሠሩ ዛሬ ማውንቴን ባይክ የምንለውን ሳይክል ካስገኙት ሰዎች ተርታ ተሰለፉ። ልብ በሉ! ማሻሻያው የመጣው ከሻጭ ሳይሆን ከቁልቁለቱ ነው።

ጎማ የሚተነፍሰውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ፣ ጎሚስታ በሌለበት ነው። ጎማው ከላላ ድንጋይ ሲመታው ካላማዳሪያው በሁለት ቦታ ይበሳል፤ እባብ የነደፈው ይመስላል። ስለዚህ ከመቀመጫው ሥር በምትታሰር ቦርሳ አንድ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ ትንሽ ፓምፕና ባለ ስድስት ማዕዘን ቁልፎች ያዙ። ስትገዙ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ፤ 26፣ 27.5 እና 29 ኢንች ይለያያሉ። የሳይክላችሁ መንፊያ ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ የጎሚስታው ቱቦ አይገባበትም። ከጣት ጫፍ የማትበልጥ አዳፕተር አለች፤ እሷን ካልያዛችሁ ጎሚስታ ደጃፍ ቆማችሁም ሳይክል መግፋት ይመጣል።

ቁልቁለቱ፦ የወጣ ሁሉ ይወርዳል

አሁን ዋናው ነገር መጣ። አንድ የሰፈሬ ልጅ ሳይክሉን እንደ ሙሽራ አስጊጦት ነበር፤ የስልክ ማስቀመጫ፣ ድምጽ ማጉያ፣ ጎማው ላይ ሰማያዊ መብራት። የፍሬን ሸራው ግን አልቆ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ካባራ በኋላ ከእንጦጦ ሲወርድ ኩርባው ላይ እንጨት የተሸከሙ እናት ብቅ አሉ። ፍሬኑን ጨበጠ፤ እጀታው ከመሪው ጋር ተገናኘ፤ ሳይክሉ ግን አልቆመም። እሳቸውን ላለመግጨት ቦይ ውስጥ ገባና የአንገቱ አጥንት ተሰበረ። እሳቸው ምንም አልሆኑም፤ ሸክማቸውን ጥለው ልጁን ለማንሳት የደረሱትም ራሳቸው ናቸው። ኋላ ላይ ሳይክሉን ያየው መካኒክ "ልጄ፣ መብራቱን የገዛህበት ብር ስንት ዓመት የፍሬን ሸራ ያስቀይርሃል" አለው።

እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ፍሬን ለናንተ ብቻ አይደለም፤ ቀና ብለው ለማያዩት እናትም ነው። ሸራው ላይ ያሉት መስመሮች ከጠፉ ወዲያው ቀይሩ። የጎማውን ቸርኬ የሚይዝ ፍሬን ሲረጥብ ይዳከማል፤ ስለዚህ በክረምት ቀደም ብላችሁ ያዙ። ዲስክ ከሆነ በሽቦ የሚሠራውን አብዛኛው መካኒክ ያስተካክለዋል፤ በዘይት የሚሠራው ይበልጥ ይይዛል፣ ግን የራሱን ዘይት ይፈልጋል፤ ያገኘነውን አንጨምርበትም። ስትወርዱም ፍሬኑን ጨብጣችሁ አትክረሙ፤ በሁለቱም ያዝ ለቀቅ አድርጉ፣ ይቀዝቅዝ።

ሰፈር ስትደርሱ ደግሞ ሌባ አለ። ጠንካራ ቁልፍ ግዙ፤ አካሉንና ጎማውን አንድ ላይ አድርጋችሁ ከማይነቀል ነገር ጋር እሰሩ። ጎማው በእጅ ብቻ የሚፈታ ዓይነት ከሆነ፣ ጎማውን ብቻ ካሰራችሁ ተመልሳችሁ የምታገኙት ጎማውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ሒሳቡ ይኸው ነው፦ በቅድሚያ ፍሬንና ሄልሜት፣ ቀጥሎ መብራትና ደወል፣ ከዚያ ትርፍ ካላማዳሪያ ከነፓምፑ፣ ከዚያ ቁልፍ። ክረምት ሲገባ ጭቃው ጀርባችሁ ላይ እንዳይሳል ፓራፋንጎ ጨምሩ። ከዚህ የተረፈ ብር ካለ የፈለጋችሁትን ጌጥ ግዙ፤ ወጣትነት ነውና ማን ይከለክላችኋል! ብቻ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ እሁድ እንጦጦ ውጡና ውረዱ። የጎደለውን ራሱ ይነግራችኋል።

ቸር ይግጠመን!