የጆሮዬ የዘር ሐረግ

ሰው የምግቡንና የልብሱን ምርጫ ከወላጆቹ ወይም ከዘመኑ ልማድ እንደ ወረሰው ቢነገረው እምብዛም አይከፋም፤ የሙዚቃ ምርጫውን ግን እንደ መልከ ጼዴቅ አባትና እናት የሌለው፣ ከገዛ ልቡናው ጥልቀት የፈለቀ አድርጎ ያምናል። እኔም የዮሐን ሰባስትያን ባኽን ድርሰቶች፣ ይልቁንም ለአንድ ቼሎ ብቻ የደረሳቸውን ስድስቱን ስዊቶች ከሁሉ አብልጬ እንደምወድ በተናገርሁ ቍጥር፣ እንግዶቼ የትምህርቴን ፍሬ ያዩ መስሏቸው ሲያደንቁ፣ እኔ ምስጋናውን በትሕትና ስቀበል ኖሬአለሁ። ነገሩን እየተከታተልሁ ወደ ምንጩ ስወጣ ግን የምደርሰው ከዐቢይ ጾም ነው።

በዚያ ወራት በቤተ ክርስቲያናችን ከበሮው ይቀመጣል፣ ጸናጽሉም ያርፋል፤ ጾመ ድጓው የሚባለው በሰው ድምፅና በመቋሚያ ዝማሜ ብቻ ነው። ዓመቱን ሙሉ ከግድግዳ ተሰቅሎ የሚከርመው የአያቴ በገናም ያን ጊዜ ይወርድና፣ ከበግ አንጀት የተሠሩት ዐሥሩ አውታሮቹ እንዚራ የሚባለውን ቍራጭ ቆዳ እየነኩ እንደ ንብ መንጋ ጥዝ ይሉ ነበር። አያቴ አይቸኵሉም ነበር፤ አንዱን አውታር ከመቱ በኋላ ድምፁ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ አንዳንድ ጊዜም ካለቀ በኋላ ቈይተው ነበር ሁለተኛውን የሚነኩት። እኔ ፋሲካ ደርሶ ከበሮው እስኪመታ ቀን እቈጥር ነበር።

ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በአንድ የውጭ አገር መምህር ቤት፣ ፓብሎ ካሳልስ ከስዊቶቹ አንደኛውን የተጫወተበት ሸክላ ሲሰማ፣ ሌሎቹ እንግዶች ስለ አውሮፓ ሥልጣኔ ሲነጋገሩ እኔ የአያቴ እልፍኝ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። በባኽ ዘመን የቼሎም አውታር ከበግ አንጀት ይሠራ ስለ ነበር፣ ዝምድናው በበጉ በኩል ነው ማለት ይቻላል። ካሳልስ ራሱ እነዚያን ኖታዎች ያገኛቸው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1890፣ ገና የ13 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በባርሴሎና ከአንድ አሮጌ መደብር ነው፤ ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ባለሙያዎች ለጣት ማፍታቻ እንጂ ለጉባኤ የማይበቁ አድርገው ይቈጥሯቸው ነበር። ልጁ የዚያን ቀን በሌላ መንገድ ሄዶ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ በዛሬው ቀን በምን እመጻደቅ ነበር?

ኋላም የባኽን ታሪክ ሳነብ፣ በ1723 የመዘምራን አለቃ ሆኖ በተሾመባት በላይፕሲግ ከተማ፣ በጾሙ ወራት ከብሥራት በዓል በቀር ካንታታ እንደማይሰማ፣ ይህም ዝምታ የሚፈታው በስቅለት ዕለት በሚዘመረው ሕማማት እንደ ነበር ተረዳሁ። ሉተራዊው መሪጌታና የእኛ መሪጌታ፣ ሳይተዋወቁ፣ ዜማን አስጹመዋል። (እውነት ለመናገር ስዊቶቹ የተደረሱት ቀደም ብሎ፣ በ1720 ገደማ፣ በኮተን ቤተ መንግሥት ነውና ጾም ወለዳቸው ለማለት አልደፍርም፤ ጆሮዬ ግን ይህን የዘመን ልዩነት ሊቀበል አልወደደም።)

ጥላቻዬም እንደዚሁ የዘር ሐረግ አለው። የዋግነርን የኒቤሉንግ ቀለበት፣ ያን አራት ኦፔራ የያዘውንና ዐሥራ አምስት ሰዓት ገደማ የሚፈጀውን ድርሰት፣ ከመጀመሪያው ኦፔራ አሳልፌ መስማት እንዳልቻልሁ ለአንድ ወዳጄ ስነግረው፣ «አንተ ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት ቆመህ የምታድር ሰው፣ ተቀምጦ ማዳመጥ እንዴት ያቅትሃል?» አለኝ። «በማኅሌት መቋሚያ ይሰጣል» አልሁት። እርሱ ያደገው ከክቡር ዘበኛ የሙዚቃ ጓድ መለማመጃ አጠገብ ነውና፣ መለከትና ትሮምቦን ያልጮኸበት ነገር ሙዚቃ አይመስለውም። ይህንኑ ብነግረው ፊቱን አኮሳተረና፣ ዋግነር ስለ ቀለበቱ የነበረውን ፍልስፍና ቡናው እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስረዳኝ።