መጋረጃ የሌለው ዋይፋይ

ሐረር ውስጥ ነፃ ዋይፋይ ያለበትን ካፌ ለማወቅ ማስታወቂያ ማንበብ አያስፈልግም። በሩ አጠገብ አንድ ሻይ ይዘው ስልካቸው ላይ ያቀረቀሩትን ሰዎች ማየት ይበቃል። ቀድሞ ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። ዛሬ ከሶፊ ወረዳ ለገበያ የመጡ እናቶች፣ ከዘራ የያዙ አባቶችም አሉበት። እነዚህ ኢንተርኔት ብለው አይደለም የሚቀመጡት፤ ባሕር ማዶ ያለ ልጃቸውን ድምፅ ፍለጋ ነው። የሳዑዲዎቹ ኢሞ ይላሉ፤ ልጆቻቸው ዱባይ ያሉት ደግሞ ቦቲም፣ እዚያ የዋትስአፕ ጥሪ ስለተከለከለ።

ከቤት ወጥቶ መደወል ለኛ ትውልድ አዲስ ነገር አይደለም። የአገራችን የስልክ ታሪክ ራሱ ከሐረር ጋር የተያያዘ ነው፤ በአፄ ምኒልክ ዘመን ከዚህ እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘርግቷል። እኛም በወጣትነታችን ለዘመድ ለመደወል ቴሌ ሄደን፣ ቁጥር አስመዝግበን፣ ተራ ጠብቀን፣ «ሳጥን ሦስት ግቢ» ስንባል ነበር የምናወራው። ግን ልብ በሉ፣ ያ የእንጨት ሳጥን በር ነበረው። ሐዘንም ሆነ ምስጢር በሩን ዘግተን እንናገር ነበር። ካፌው በር የለውም።

ይህን የምለው ከሥራዬ ተነስቼ ነው። በጤና ጣቢያ ስሠራ ከመርፌና ከመድኃኒት እኩል የማከብረው ዕቃ መጋረጃ ነበር። ተራ በሚጠበቅበት ኮሪደር ላይ «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብትሏት «ራሴን» ትላለች። መጋረጃው ተስቦ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ስትጠይቋት ነው እውነተኛው ሕመም የሚወጣው። ሰው በተሰበሰበበት የሚሰጥ መልስ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው።

የማውቃት አንዲት የሶፊ እናት አለች፤ ታሪኩን ስሟን ሳልጠቅስ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ልጇ ሳዑዲ በሰው ቤት ትሠራለች። እናት ለገበያ በመጣች ቁጥር ካፌ ገብታ፣ አስተናጋጁ ዋይፋዩን ከፍቶላት፣ ጆሮዋ ስለደከመ ድምፁን ለቃ ታወራለች። በዙሪያዋ ያሉት «ሰላም በያት!» ይላሉ፤ አንዳንዱም አንገቱን አስግጎ ስክሪኑ ውስጥ ይገባል። ልጅቷ ፊቷን ብቻ እያሳየች ትስቃለች። ለወራት እንዲህ ሆነ።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ካፌው ዋይፋይ አልነበረውም። «ሲስተር፣ ያንቺ ቤት ይሠራል አሉኝ» ብላ መጣች። እኛ ሰፈር መብራት ስለነበረ ውስጥ ክፍል አስገብቼ በሩን ዘጋሁላት። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እያለቀሰች ጠራችኝ። ልጅቷ የፈላ ዘይት ተደፍቶባት ቀኝ እጇ ከተቃጠለ ሁለት ወር አልፎታል። «ማን አብሮሽ አለ?» ብላ ጠይቃ፣ ማንም እንደሌለ ስታረጋግጥ ነው የተናገረችው። መንደር እንዳይሰማ፣ ታናናሾቿም እንዳይደነግጡ ደብቃ ኖሯል።

እጇን ወደ ካሜራው እንድታቀርበው ነገርኳት። ቁስሉ ደርቋል፤ ነገር ግን ሁለቱ ጣቶቿ ታጥፈው ቀርተዋል። ይህን በሙያችን በደንብ እናውቀዋለን፤ የቃጠሎ ጠባሳ ሲድን ይኮማተራል፣ መገጣጠሚያው በጊዜ ካልተፍታታና ካልተወጠረ እየጠነከረ ይሄዳል፤ ሲብስ ያለ ቀዶ ሕክምና አይቃናም። እያንዳንዱን ጣት ቀስ አድርጋ እየዘረጋች፣ በቀን ደጋግማ እንድታፍታታ አሳየኋት። በስልክ ሐኪም መሆን ስለማይቻል፣ አሠሪዎቿን ሐኪም ቤት እንዲወስዷት እንድትጠይቅም ነገርኳት። ሁለት ወር ቀድመን ሰምተን ቢሆን ሥራው ቀላል ነበር።

እንግዲህ ነፃ ዋይፋይ ዋጋው የት ላይ እንዳለ አየሁ። ወጣቶች ስለ ሌባ ያስጠነቅቁናል፤ ማስጠንቀቂያቸውም ትክክል ነው። የካፌውን ስም አስመስሎ ሌላ ዋይፋይ የሚከፍት አለ፤ ከገባችሁ በኋላ ስልክ ቁጥርና የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ከመጣ ወዲያው ውጡ። እርግጥ እንደ ዋትስአፕ ያሉት ጥሪውን በምስጢር ቁልፍ ቆልፈው ስለሚልኩ፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሰው ወሬያችሁን በቀላሉ አይሰማም። የሚሰማችሁ ቁልፍ የማያስፈልገው፣ ጎናችሁ የተቀመጠው ነው። የሚስጥር ቁጥራችሁን ስትነኩ የሚያየውም እሱ ነው። ልጅ የላከችውን ገንዘብ ለማየት ደግሞ ዋይፋይ ምን ያደርጋል? ቴሌብር *127# ተብሎ ሲደወል ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቤት ገብቶ፣ ተረጋግቶ።

ካፌዎቹን መንቀፌ አይደለም፤ እግዜር ይስጣቸው። ስንት ተማሪ ፈተናውን ያጠናው በነሱ ዋይፋይ ነው። ዜና ለማየት፣ ለማንበብ፣ የሠርግ ፎቶ ለማውረድ ምን ከልክሎን። ለቤት የተዘረጋ መስመር በየወሩ መክፈልም ለብዙ ጡረተኛ ይከብዳል፤ እኔ ቤት ያለውን የሚከፍለው ልጄ ነው። ለመጋረጃ ግን ያን ያህል ወጪ አያስፈልግም። የምስል ጥሪ ነው ዳታ የሚበላው፤ ድምፅ ብቻ ሲሆን በደቂቃ ቢበዛ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው። ግማሽ ሰዓት ለማውራት ትንሿ የቀን ጥቅል ትበቃለች፤ ካፌ ለሻይና ለብስኩት ከምናወጣው እምብዛም አይርቅም። ቤቱ ዋይፋይ ያለውም ለጎረቤት እናት የሚስጥር ቃሉን ብቻ አይስጥ፤ ክፍሉንም ይስጣት፣ ራሱም ቡና ያፍላ ብሎ ወጣ ይበል። የልጅ ልጆችንም ማባረር ነው፤ እነሱ እንደሆኑ ስክሪን ካዩ አይለቁም።

አያቶች ሆይ፣ አንድ ነገር ከሥራዬ ላውሳችሁ። ልጃችሁ ስትደውል «ደህና ነሽ?» ከማለታችሁ በፊት «ብቻዬን ነኝ፤ አንቺስ?» በሏት። «ሰው አለ» ካለች የምትደውልበትን ሰዓት ተቀጣጠሩ። ሳዑዲና እኛ ሰዓታችን አንድ ስለሆነ ለማስላት አያስቸግርም።

የሶፊዋ እናት አሁን ሁለት ዓይነት ጥሪ አላት። ገበያ ስትመጣ ካፌው ውስጥ የሰላምታው፣ ሳቁ፣ የዘመድ አዝማዱ። ሐሙስ ማታ ደግሞ ጥቅል ገዝታ፣ ከቤቷ ጓሮ፣ ኔትወርኩ የሚይዝበት ቦታ ላይ ተቀምጣ ሌላው። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ አሠሪዋ ሐኪም ዘንድ እንደወሰደቻት ነግራታለች። አንደኛው ጣት መዘርጋት ጀምሯል፤ የትንሿን ጣት ጉዳይ ሐኪሙ ከአንድ ወር በኋላ እንደገና አያለሁ ብሏል።