ለገበያ ብዬ የገባሁበት ክበብ

ክበቡ ውስጥ የገባሁት ለጽድቅ ብዬ አይደለም። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለኝ፤ የሠርግ ካርድ፣ የደረሰኝ ጥራዝ፣ ባነርና ማህተም እሠራለሁ። ፋርማሲ ያለው አንድ ደንበኛዬ «በየሁለት ሳምንቱ ማታ እየተገናኘን ለችግረኛ የምናዋጣበት ክበብ አለን፤ ለምን አትመጣም?» ሲለኝ በቅድሚያ የጠየቅሁት ማን ማን እንዳለበት ነበር። ሆቴል ያለው አለ፣ ሲሚንቶና ብረት አከፋፋይ አለ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር፣ የጥርስ ሐኪም፣ ተቋራጮች አሉ። እያንዳንዳቸው በዓመት ስንት ጥራዝ ደረሰኝ እንደሚያሳትሙ በልቤ አሰላሁና «እመጣለሁ» አልኩት።

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አዲስ አባል ለምን እንደመጣ ቆሞ ሁለት ቃል መናገር አለበትና እኔም በተራዬ ስለ ወገን ፍቅር ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝም። አሁን ማውራቴ ንስሐ ለመግባት አይደለም። ክበቡ ውስጥ ከቆየሁ በኋላ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ያን ማታ የደበቅሁት ምክንያት ከተናገርኩት ምክንያት የበለጠ ሥራ የሚሠራ መሆኑ ነው።

በኋላ ሳነብ እንዲህ ያለ ጅማሬ የእኔ ብቻ እንዳልሆነ አየሁ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አባላት ያሉት ሮታሪ የካቲት 16 ቀን 1897 ዓ.ም. ቺካጎ ውስጥ ሲጀመር የተገናኙት ጠበቃው ፖል ሃሪስ፣ አንድ የድንጋይ ከሰል ነጋዴ፣ አንድ የማዕድን መሐንዲስና አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከየሙያው አንድ ሰው ብቻ ይገባ ነበር፤ አባላቱ ይተዋወቁ፣ ይገበያዩ ነበር። የሕዝብ አገልግሎት የመጣው ቆይቶ ነው። በከተማቸው ዘመቻ ከፍተው ያሠሩት የመጀመሪያ ሥራም ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ሳይሆን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ነበር። እንዲያ የጀመረው ማኅበር በ1985 እ.ኤ.አ. የፖሊዮ ዘመቻውን ከፍቶ 120 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ ሲነሳ በሦስት ዓመት ውስጥ 247 ሚሊዮን ሰበሰበ። ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. አፍሪካ ከዱር የፖሊዮ ቫይረስ ነፃ መሆኗ ሲታወጅ፣ ከመንግሥታቱ፣ ከዓለም ጤና ድርጅትና ከክትባት ሠራተኞች ጎን የእነዚያ የነጋዴዎች ልጅ ልጆችም ነበሩበት።

የእኛ ክበብ ሮታሪ አይደለም፤ ደረት ላይ የሚሰካ አርማ የለውም፤ የሚሰበሰበውም ከአባሉ ሆቴል ጓሮ ባለች ክፍል ነው። ገንዘብ ያዥ ያደረጉኝ ደረሰኝ ስለማትም ነው፤ ደረሰኝ ማተምና ደረሰኝ መቁረጥ አንድ ሙያ ይመስል። የመጀመሪያው ትልቅ ሥራችን ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ አዋሽ በኩል ባለ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሴት ተማሪዎች መጸዳጃ ቤት ማሠራት ነበር። የነበረው ተደርምሷል። በዚህ በስምጥ ሸለቆ አፈሩ ልል ነው፤ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድና ፍርፋሪ ድንጋይ ይበዛበታል። ውስጡ በድንጋይ ካልተገነባ ጉድጓዱ ክረምት በመጣ ቁጥር ከአፉ እየተናደ ይሰፋል። ሴቶቹ ልጆች ወደ አጥሩ ጥግ ይሄዱ ነበር፤ ከፍ ያሉት ደግሞ በወር ውስጥ የተወሰኑ ቀናት ጭራሽ አይመጡም።

ለጋሽ ፍለጋ ስንወጣ ትልልቆቹ ሁሉ አንድ ነገር ጠየቁን፤ «ለምን የመማሪያ ክፍል አይሆንም?» ክፍል ከሆነ በሩ ላይ ስም ይለጠፋል። መጸዳጃ ቤት ላይ የአባቴ ስም ይጻፍልኝ ያለ አንድም ሰው አላጋጠመኝም። ብረት አከፋፋዩ ብቻ እየሳቀ «የእኔን ጻፉ፤ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ ያነበዋል» አለን። አልጻፍነውም።

እራት አዘጋጀን። ቲኬቱን ያተምኩት እኔ ነኝ፤ በወረቀቱና በቀለሙ ዋጋ ብቻ። ይህችን መናገር ያስፈለገኝ «ክበቡ ለእሱ ሥራ መፍጠሪያ ነው» የሚል ወሬ ደርሶኝ ስለነበር ነው። ወሬው ደግሞ ከመነሻዬ አንፃር ሐሰት ነው ማለት አልችልም። ያን ማታ አዳራሹ ሞላ። ቶምቦላ ወጣ፤ የአዋሽ ወንዝ ሥዕል ለጨረታ ቀረበ፤ መድረክ መሪው ላብ እስኪያጠምቀው ጮኸ። «ሃምሳ ሺህ ያሉ ወንድማችን እዚህ አሉ! ሞቅ ያለ ጭብጨባ!» ከፊት ያለው የክብር ጠረጴዛ እርስ በርስ እየተያየ ዋጋ ከፍ አደረገ። ሌሊቱን በመዝገቤ ላይ የደመርኩት ቃል ከሚያስፈልገን ገንዘብ በላይ ነበር። በእጅ የገባው ግን የቲኬቱና የቶምቦላው ብቻ ነው፤ ሲሚንቶውን እንኳ አይገዛም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የገንዘብ ያዥ ነው። ካርቦን ያለበትን የደረሰኝ ጥራዝ በብብቴ ይዤ ከሱቅ ሱቅ፣ ከቢሮ ቢሮ መዞር ጀመርኩ። የክብር ጠረጴዛው ላይ የነበሩት ሰዎች ክፉዎች አልነበሩም። አንዱ ወንበር ስቦ አስቀመጠኝ፣ ማኪያቶ አዘዘልኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ፣ «ወንድሜ፣ አልረሳኋችሁም፤ የዚህ ወር ነገር ሆኖብኝ ነው» አለኝ። ሌላው ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ በእጁ ምልክት «ነገ» ይለኛል። ሦስተኛው ለጸሐፊው ነገረ፤ ጸሐፊው ለሒሳብ ሹሙ፤ ሒሳብ ሹሙ ደብዳቤ አምጡ አለን፤ ደብዳቤውን አተምኩ፤ ማህተሙን ረስተን ስለነበር መልሰን አመጣነው። ይኸው እስካሁን አልተከፈለም።

መዝገቡን ከፍቼ የከፈለና ያልከፈለውን ጎን ለጎን ስጽፍ ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። ከባለጠጋና ከደሃ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ከሃይማኖተኛና ከዓለማዊም ጋር እንዲሁ። ቀድመው የከፈሉት እንደገና ከእኛ ጋር መገናኘታቸው የማይቀር ሰዎች ናቸው። ብረት አከፋፋዩ በማግስቱ ከፈለ፤ ከእሱ ብረት የሚወስዱ ሁለት ተቋራጮች አባሎቻችን ናቸው፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። የጥርስ ሐኪሙ ከፈለ፤ ግማሹ ክበብ ታካሚው ነው። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ መጥቶ፣ ከሁሉም በላይ ጠርቶ፣ ሌሊቱን የተመለሰው እንግዳ ግን ከዚያ በኋላ ስልክ አያነሳም። ያ ሰው ያን ማታ ያስፈለገውን አግኝቷል፤ ጭብጨባው ደርሶታል። እኛን የሚያስፈልግበት ሌላ ጉዳይ አልቀረውም።

አመዴ ገበያ እህል የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ፤ ሁላችንም «አዴ» እንላቸዋለን። እራቱ ላይ አልነበሩም፤ ቲኬቱ ውድ ነው። የሰፈራቸው የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናቸውና የክበቡ አንዲት አባል ወሰደችኝ። ጤፍ እየሰፈሩ ነበር፤ ሰፍረው እስኪጨርሱ ቀና አላሉም። ከጨረሱ በኋላ እጃቸውን አራገፉና ጥያቄ ጀመሩ። ጉድጓዱ ስንት ሜትር ነው? ግንበኛው ማነው? የእጅ መታጠቢያ ውኃ ከየት ይመጣል? ሒሳቡን ስትጨርሱ ታሳዩናላችሁ? መጨረሻ ላይ ደግሞ፦

«ሲሞላስ ማን ያስመጥጠዋል?»

ያን ሁሉ ሕዝብ እራት ጋብዘን ይህን የጠየቀን አልነበረም። «ትምህርት ቤቱ» አልኳቸው። «ትምህርት ቤቱ ጠመኔ የሚገዛበት የለውም» አሉኝና ለእሑድ ስብሰባ ቀጠሩኝ። የእድሩ እናቶች ተከራክረው፣ በቃለ ጉባኤ አስፍረው፣ ተፈራርመው ገንዘቡን ቆጥረው ሰጡኝ። ከእንግዳው ቃል ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ግን ገንዘብ ነው። ስንወጣ አባላችን የነገረችኝ ነገር አስቆመኝ፤ ከእድሩ አባላት ብዙዎቹ የልጅ ልጆቻቸው እዚያ ትምህርት ቤት ናቸው።

ታዲያ ይህ ልግስና ነው ወይስ ጥቅም? እኔ መለየቱን ትቼዋለሁ። እድር ራሱ ለሐዘንተኛ የሚደርሰው ሁሉም ተራው እንደሚደርስ ስለሚያውቅ ነው። ቀብር የቀረ ይቀጣል፤ ቅጣቱን ደግሞ ማንም ክፋት ብሎ አይጠራውም። ከእኛ ከተሜዎች በፊት የቦረና አርብቶ አደር ይህን አደራጅቶታል። በቡሳ ጎኖፋ ሥርዓት ድርቅ ወይም በሽታ ከብቱን የጨረሰበት ሰው ለምኖ አይቀበልም፤ ጎሳው ተሰብስቦ ከብቱ እንዴት እንዳለቀ ይመረምራል፤ ከዚያ ያለው ሁሉ ያዋጣለታል፤ የሰጪው በረትም ነገ ባዶ ሊሆን ይችላልና። የኦሮሚያ ክልል ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ይህን ሥርዓት በአዋጅ ተቋም አድርጎታል። ጎረቤት ዓይን ለዓይን እየተያየ ሲያዋጣ የነበረው ጉልበት በጽሕፈት ቤት በኩል ሲያልፍ እንዳለ ይዘልቅ እንደሆነ ግን ገና እያየን ነው።

ንጹሕ ደግነት የለም እያልኩ አይደለም። ቢኒያም በለጠ መቄዶንያ የተባለውን የአረጋውያን መርጃ ሲጀምር አረጋውያኑን ያስገባው በወላጆቹ ቤት ነው፤ ምን ደንበኛ ሊያገኝ? ነገር ግን የአንድ ከተማ ክበብ እንደ ቢኒያም ያለ ሰው እስኪወለድ መጠበቅ አይችልም። እንደ እኔ ባለ ሰው መሥራት አለበት። ከእኔ ጋር የገቡ፣ ከእኔ እጅግ የሚሻሉ፣ ስለ ድሃ ሲወራ እንባቸው የሚመጣ ሰዎች ነበሩ። አንዷ ትምህርት ቤቱን አይታ ሌሊቱን አልተኛችም። የግንበኛው ሒሳብ ሲጣረስና የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ሲቆጣን ግን ልቧ ተሰበረና ቀረች። እኔ አልቀረሁም። ሐሙስ ማታ ስሄድ የሆቴሉ ባለቤት አዲስ የምግብ ዝርዝር ያሳትመኛል፤ በዚያው ስለ ጉድጓዱ እንነጋገራለን። እየቆየሁ ስሄድ ስለ ጉድጓዱ የማስብበት ሰዓት ከምግብ ዝርዝሩ በለጠ። መቼ እንደተገላበጠብኝ ግን አላውቅም።

መጸዳጃ ቤቱ ተሠራ፤ ስድስት በር፣ አንድ መታጠቢያ ክፍል፣ ከጣሪያው የሚወርደውን የዝናብ ውኃ የሚይዝ ሮቶ። ከዚያ ወዲህ የክበቡን ደንብ ቀይረናል። በመድረክ ቃል ማስገባት የለም፤ መስጠት የፈለገ እዚያው በቴሌብር ይልካል፣ ደረሰኙን ይቀበላል፣ ከዚያ ይጨበጨብለታል። አባል ያለ ምክንያት ሲቀር ይቀጣል። የዩኒቨርሲቲ መምህሩ «በጎ ፈቃድ በቅጣት አይሆንም» ብሎ አጥብቆ ተከራከረ፤ ንግግሩ ያማረ ነበር፤ እኔ ለቅጣቱ ድምፅ ሰጠሁ። ላየንስ ክለብ በሚባለው የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ አባላትን እየቀለደ ገንዘብ የሚቀጣ ሹም እንዳለ ነግሬው ነበር፤ አላሳመነውም። አሁንም እያጉረመረመ ይመጣል፤ ሲያረፍድም ይከፍላል።

አዴ የጠየቁት ጥያቄ ግን ደረሰ። ጉድጓዱ ሊሞላ ነው፤ ማስመጠጫ መኪና ማምጣት ገንዘብ ይፈልጋል፤ ወደፊትም በየጊዜው ይፈልጋል። ለማስመጠጥ እራት ተጋበዙ ብንል የሚመጣ የለም፤ ሥዕልም አይሸጥለትም። ስለዚህ ከወር መዋጯችን ላይ ለዚሁ ብቻ የሚቀመጥ ሒሳብ በትምህርት ቤቱ፣ በእድሩና በእኛ ፊርማ ከፍተናል። በእድሩ በኩል ፈራሚዋ አዴ ናቸው። ለዚህ ሥራ ቲኬት አይታተም፣ ባነር የለውም፤ ለማተሚያ ቤቴ አንድ ሳንቲም አያስገባም። ባለፈው ሐሙስ የመዋጮውን መጠን ስንወስን ከፍ እናድርገው ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ ብረት አከፋፋዩ «ምን ነካህ?» ብሎ ሳቀብኝና ግማሹን አስቀንሶ አጸደቁት።