ጋዝ አያልቅም

የዛሬው ጨዋታችን ስለ መኪና ነው። መኪና የሌላችሁም አትሂዱብን፤ እኛም ብንሆን ያለንን ነገር መኪና ብለን ለመጥራት ትንሽ ድፍረት ያስፈልገናል።

እኛ ስንል ወንድምና እህት ነን። መኪናዋ ከአባታችን የወረስናት በፈረንጅ የ1992 ሞዴል ኮሮላ ናት። አባባ በሕይወት ሳለ ኤሲዋ ደብረ ብርሃንን ያስንቅ ነበር። እኛ እጅ ከገባች በኋላ ግን ነገር ተበላሸ። ለአዲስ አበባ ኤሲ ምን ይሠራል እንዳትሉን፤ ለእኛም እንደዚያ ነበር የሚመስለን። እስከ አምናው ሐምሌ ድረስ።

እማዬ የቁልቢ ገብርኤል ስለት አለባት። ሐምሌ 19ን እዚያ ካላሳለፈች ዓመቱ ዓመት አይመስላትም። ደም ግፊት ስላለባት አውቶቡሱ እየከበዳት መጣና አምና በኮሮላችን ይዘናት ወረድን። አዲስ አበባን በካፖርት ለቀቅን፣ አዳማን በሹራብ አለፍን፣ መተሐራ ላይ የምናወልቀው ነገር አለቀብን። ከ2,300 ሜትር ከፍታ ተነሥተን 1,000 ሜትር ገደማ ላይ ነበርና ኤሲውን ከፈትነው። የሞቀ ትንፋሽ ለቀቀብን! ገና ከወር በፊት ጋዝ አስሞልተን ነበር እኮ።

አዋሽን ሳናልፍ እማዬ አስመለሳት። ግራር ሥር አስቀምጠናት በነጠላዋ ጫፍ ውሃ እያስነካን ግንባሯን ስንጠርግላት፣ “ልጆች፣ እኔን እዚሁ ተዉኝና ስለቱን አድርሱልኝ” አለችን። ወዳጆች፣ እኛ ያን ቀን ዕድሜያችን ከአሥር ዓመት በታች ሆነ። ሁለታችንም አንድ ቃል አልተነፈስንም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ አረፍ ብላ ተሻላት፤ ደርሰንም ተመለስን። ቤት ስንገባ ግን ሒሳብ ሠራን። በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ ጋዝ አስሞልተናል። የመጀመሪያው ስምንት ወር ቆየ፣ ሁለተኛው አራት ወር፣ ሦስተኛው ወር አልሞላም። ሦስቱም ቦታ የተነገረን አንድ ነው፦ “ጋዙ አልቋል።” እኛም “አለቀ ካላችሁ ሙሉት” ብለን ከፍለን ወጣን።

ዘንድሮ ሰኔ ላይ ራሳችን እንጠግናለን ብለን ተነሣን። ሰው ጃንጥላ ይዞ በሚሮጥበት ዝናብ ግቢ ውስጥ ኮፈን ከፍተን ስንቆም፣ የጎረቤቶቻችንን ሳቅ እናንተው ገምቱት። “በዚህ ብርድ ማቀዝቀዣ?” ያላለን የለም። (ለነገሩ ኤሲ የሚያወጣው አየር ደረቅ ስለሆነ በክረምት የሚጨልመውን መስታወት ቶሎ ያጠራል። ይህንን ግን ለሚስቅ ጎረቤት ማስረዳት ከባድ ነው።)

ዩቲዩብ ላይ የተማርነው ለድፍረት በቃን እንጂ ለሥራ አልበቃንም። ስለዚህ ዕድሜያቸውን በፍሪጅ ጥገና ያሳለፉትን የሰፈራችንን ጋሼ ለመንናቸው። ጌጃቸውንና ፓምፓቸውን ሊያከራዩን፣ ስንሳሳት ደግሞ ሊቆጡን ተስማሙ። ገና ኮፈኑን እንዳዩ፣

“ሞተሩን ማን አጠበው?” አሉ።

“እኛ ነን” አልን ኮራ ብለን። ጋራዥ በሄድን ቁጥር ቆሽሾ እንዳይታይብን እናጥበው ነበር።

“ማስረጃውን አጥባችሁ ነዋ ያመጣችሁልኝ!”

ለካ ጋዙ ሲዞር ዘይትም አብሮት ይዞራል። በሚያፈስበት ቦታ ዘይቱም ጠብ ይላል፣ አቧራ ይይዛል፣ ጥቁር ነጥብ ይሠራል። የሚያውቅ ሰው ያንን ጥቁር ነጥብ ፈልጎ ጣቱን ያስቀምጥበታል። እኛ በየጊዜው በሳሙና እያጠብን ስናስወግደው ኖረናል።

ከዚያ ዋናውን ነገር ጠየቁን። “ልጆች፣ ቤንዚን ይቃጠላል፤ ስለዚህ ያልቃል። ይኼ ጋዝ ግን አይቃጠልም። ከኮምፕሬሰር ወደ ኮንደንሰር፣ ከዚያ ዳሽቦርዱ ሥር ወዳለው ኢቫፖሬተር፣ ተመልሶ ወደ ኮምፕሬሰር፤ ዙሪያውን የተዘጋ ቤት ነው። ታዲያ አለቀ ሲሏችሁ የት ሄደ ብላችሁ አልጠየቃችሁም?”

አልጠየቅንም። ሦስት ዓመት!

የት እንደሄደስ? ወደ ሰማይ ነዋ። መኪናችን ስትሠራ የተሞላችው አር 12 የሚባለውን ጋዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1987 በሞንትሪያል በተፈረመው ስምምነት መሠረት እንዲቀር የተደረገው የኦዞንን ሽፋን ስለሚበላ ነው። በእሱ እግር የተተካው አር 134ኤ ኦዞንን አይነካም፤ ምድርን በማሞቅ ግን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሺህ እጥፍ በላይ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ እሱንም ለመቀነስ ስምምነት ላይ ተደርሷል። ሒሳቡን ስንሠራው፣ 600 ግራም ጋዝ አፍስሶ መልቀቅ ከ300 ሊትር በላይ ቤንዚን እንደማቃጠል ሆኖ አገኘነው። እኛ ሦስት ጊዜ ለቀናል። እማዬን ለማቀዝቀዝ ምድርን ስናሞቅ ከረምን ማለት ነው።

ወደ ሥራው እንመለስ። ጥቁሩ ነጥብ ስለሌለ ጋሼ ናይትሮጅን ሞሉበት። (“ኦክስጅን እንዳታስቡት! ከዘይት ጋር ተገናኝቶ ይፈነዳል” ብለው ሁለት ጊዜ አስጠነቀቁን።) እኛ ባልዲ ውስጥ ኦሞ በጥብጠን በቀለም ብሩሽ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ ቀባን። ኮምፕሬሰሩ ጋ ምንም። ቱቦዎቹ ጋ ምንም። ከራዲያተሩ ፊት ለፊት ኮንደንሰሩ ሥር፣ የድንጋዩ መንገድ ጭቃ በሚረጭበት ጥግ፣ አረፋዋ ቀስ እያለች ማበጥ ጀመረች። ትንሽ ሆነች፣ ትልቅ ሆነች፣ ፈነዳች፤ እንደገና ጀመረች። እልል ማለት ነው የቀረን።

ጥፋተኛዋ ኦሪንግ የምትባል፣ ከጣት ቀለበት የማትበልጥ የላስቲክ ቀለበት ናት። ደርቃ ተሰነጣጥቃለች። ሶማሌ ተራ ሄድን፤ መጀመሪያ የሰጡን የውሃ ቧንቧ ላስቲክ ነበር። ጋሼ ወርውረው መለሱንና አር 134ኤን የምትችለውን አረንጓዴዋን ይዘን መጣን። የደረስንበትን መገጣጠሚያ ሁሉ በአዲስ ቀየርን። ኮምፕሬሰሩንም አውርደን የቆየውን ዘይት ገለበጥን። ለካ ከዚህ በፊት አዲሱን ጋዝ በአር 12 ዘመን ዘይት ላይ ነው የሞሉብን። ሁለቱ አይዋሃዱም፤ ዘይቱ ከጋዙ ጋር ስለማይዞር ኮምፕሬሰሩ በደረቁ ይፋጫል። ኤስተር የሚባለውን ዘይት ተካን። እርጥበት የሚመጠውን ድራየር ደግሞ ዝናቡ ጋብ እስኪል ታሽጎ አስቀምጠን መጨረሻ ላይ ገጠምነው።

ቀጥሎ ቫኪዩም። ፓምፑ አየሩን ሲመጥ ውስጥ የቀረው እርጥበት በግቢው ብርድ ሳይቀር ፈልቶ ይወጣል። የዩቲዩቡ ሰውዬ “መርፌው 29 ኢንች ላይ ይደርሳል” ብሏል። የእኛ መርፌ 22ን አልፎ ቆመ። ቱቦ ቀያየርን፣ ማያያዣ አጠበቅን፣ ፓምፑን ጠረጠርን፣ እርስ በርስ ተጣላን። ግማሽ ቀን ሄደ። ጋሼ ቡናቸውን ጠጥተው ሲመለሱ ሳቁብን።

“አዲስ አበባ ላይ ውሃ በስንት ዲግሪ ነው የሚፈላው?”

“በመቶ!”

“92 ገደማ ነው። የተማራችሁበት መጽሐፍ ባሕር ዳርቻ ነው የተጻፈው። ሰውዬውም ባሕር አጠገብ ይሆናል ያለው። ጌጁ የሚለካው ከውጪው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። እዚህ ተራራ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ስለሆነ ከ23 በላይ ከየት አምጥታችሁ ትመጣላችሁ?”

ይህችን ለብቻዋ ጻፉልን፤ እንደኛ የፈረንጅ ቪዲዮ አይታችሁ ደህናውን ፓምፕ እንዳትጥሉ።

ከ45 ደቂቃ በኋላ ቫልቩን ዘጋንና አንድ ሰዓት መርፌውን አፍጥጠን ጠበቅን። አልነቃነቅ አለ። ወዳጆች፣ የማይንቀሳቀስ ነገር እንዲህ ደስ ይላል? ከዚያ መነጽርና ጓንት አድርገን ጋዙን በሚዛን ሞላን። (ጋዙ ክፍት አየር ላይ ከዜሮ በታች 26 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ዓይን ወይም ቆዳ ከነካ ያቃጥላል።) ለአር 12 ከተጻፈው ልክ ከ80 እስከ 90 በመቶው ይበቃል፤ መብዛቱ ግፊቱን ከፍ አድርጎ ኮምፕሬሰር ይገድላል።

ሐምሌ 18 ወጣን። እውነቱን ለመናገር ፍጹም አይደለም። የአዳማው መንገድ መክፈያ ላይ ተሰልፈን ስንቆም ሞቅ አለ፤ የድሮው ኮንደንሰር አዲሱን ጋዝ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ሲያገኝ ነው። መንዳት ስንጀምር ተመለሰ። መተሐራ ደረስን። ሁለታችንም በመስታወቱ የኋላ ወንበርን እናያለን፣ አንናገርም። እማዬ ነጠላዋን እስከ አገጯ ስባ ተኝታለች። ግራሩን አለፍነው። አዋሽን አለፍነው። ሚኤሶ ላይ ነቃችና፣

“መተሐራ ገና ነው?” አለች።

ኤሲያችን ዛሬም ይቀዘቅዛል። እኛም አንድ ልማድ አወጣን፦ የሆነ ነገር “አለቀ፣ ሙሉ” ስንባል ኪሳችን ከመግባታችን በፊት “የት ሄደ?” እንላለን። ሞተሩን ደግሞ ሳናይ አናጥበውም።

ቸር እንሰንብት!