ካባው የማን ነበር?

ልጆቼ ሳሎን የተሰቀለውን ፎቶ ባዩ ቁጥር «የባላባት ልጆች ነበራችሁ እንዴ?» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። እትዬ በወርቀ ዘቦ ያጌጠ ጥቁር ካባ ደርባለች። ወንድም ጋሼ ሙሉ ልብስ ከነከረባቱ ግጥም አድርጓል። እኔ መሃላቸው ነጭ በነጭ ለብሼ፣ አንገቴ ላይ የብር መስቀል። ከኋላችን ሸራ ላይ የተሳለ ፏፏቴ ይወርዳል።

ከዚያ ሁሉ ልብስ የራሳችን የነበረው የእኔ ነጭ በነጭ ብቻ ነው። ጥምቀት ደርሶ እናታችን «ልጆቹን ፎቶ ላስነሳ ነው» ስትል ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ያለው ግቢያችን በሙሉ ጉዳዩ አደረገው። የክርስትና እናቴ መስቀሉን ከገዛ አንገታቸው አውልቀው አጠለቁልኝ። ጎረቤታችን ደግሞ «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ!» ብለው ሳጥናቸውን ከፈቱ። የተዳሩበት ካባ ነው፤ አሪቲና ናፍታሊን ተቀላቅሎ ቤቱን ሞላው። ያ ሽታ ዛሬም አንዳንዴ ድንገት ይመጣብኛል።

እናታችን በነጠላዋ ጫፍ ፊታችንን እየጠራረገች ወደ ፒያሳ ወጣን። የቦምቦሊኖው ሽታ እግሬን ሲያስረኝ «መጀመሪያ ፎቶው!» ትላለች።

ያኔ ፎቶ ሲነሳ የአርመኖቹ ስም አብሮ ይነሳ ነበር። ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ ልጆቻቸውም ሙያውን ወርሰዋል። የእኛው ፎቶ አንሺ ግን ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ያገሬ ሰው ናቸው። ከረባቱና ኮቱ የእሳቸው ነው፤ ሙሉ ልብስ ለሌለው ሁሉ በር ኋላ ተሰቅሎ ይጠብቃል። ለወንድም ጋሼ ሰፋው። ከጀርባው ሰብሰብ አድርገው በልብስ መቆንጠጫ ያዙት፤ ከፊት ሲታይ በልኩ የተሰፋ ይመስላል። ከዚያ ዝቅ ብለው እግሬን አዩ። የሸራ ጫማዬ አፍንጫ ተቀዶ አውራ ጣቴ ብቅ ብሏል። ምንም አላሉም። የእትዬን ካባ ጫፍ ሳብ አድርገው ጫማዬ ላይ ጣል አደረጉት፣ አገጬን በጣታቸው ቀና አድርገው ወደ ካሜራቸው ተመለሱ። እናቴ ያንን አይታ ነበር። እስከ ዕለተ ሞቷ ስማቸውን ሳትመርቅ አትጠራውም ነበር።

አሁን ልጆቼ በአንድ ልደት ስንት መቶ ፎቶ ይነሳሉ፤ ያምርባቸዋልም። ልብሱ ግን ሁሉም የራሳቸው ነው፤ ማንም አላዋሳቸውም። ይሄ ለምን እንደሚያሳዝነኝ ላስረዳቸው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ጎረቤቱም በየኮንዶሚኒየሙ ተበተነ። አሁን የምንገናኘው ለቅሶ ላይ ነው። ባለፈው የባለካባዋን ልጅ አገኘኋትና ፎቶውን ከስልኬ አሳየኋት። እኛን ከመለየቷ በፊት «ውይ፣ የእማዬ ካባ!» አለች። እናቷ ለብሳው የተነሳችው ፎቶ ዕቃ ሲጓጓዝ ጠፍቶባቸዋል። ወዲያው ላክሁላት። ትልቅ አድርጌ አሳጥቤ፣ በፍሬም ልወስድላትም ቃል ገብቻለሁ።